ከላይ የረጋው

«አባቱን በሬዲዮ ገደለው እንጂ ሌላ ምን ልበልሽ!» አለች እናት በስልክ። ልጇ ምላጭ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው፤ እናት ደግሞ ጆሮዋ ደከም ካለው እህቷ ጋር ስታወራ ድምፅዋን አትቆጥብም፤ ስለዚህ አንድም ቃል አላመለጣትም። ይህን ነገር አባቷ ከሞተ ጀምሮ በየጠዋቱ ትሰማዋለች፤ መንፈቅ አልፎታል። ሌላ ሰው ቢሆን በለመደው ነበር። ዛሬ ግን እናት አዲስ ነገር ጨመረችበት። «ከሥራ ሲወጣ መጥቶ አልጋውን ይወስዳል። ክፍሉን ጠርጌ እቆልፈዋለሁ። ከእንግዲህ አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ፣ በቃ።» አክስት በዚያኛው ጫፍ ምን እንዳለች አይሰማም። ምላጭ አፏ አረፋ እንደሞላ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ያቺ አንዲት ሴት ልጅ እሷ ናት። ደስ ሊላት ይገባ ይሆናል፤ ግን እንደ ስድብ ተሰማትና አረፋውን ተፋችው።

ምላጭ ያላት አባቷ ነው። ገና በልጅነቷ ምላሷ ስለት ነበረና «ይቺ ልጅ ምላጭ ናት» አለ፤ ስሙም ተጣበቀባት። ኋላ ሆስፒታል ተቀጥራ፣ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋ በምላጭ እያሳሳች ለምርመራ የምታዘጋጅ ባለሙያ ስትሆን፣ አባቷ «እኔ ስም ሳወጣ ዝም ብዬ አላወጣም» እያለ ሲኩራራ ኖረ። ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የቀረችው አንዲት ሬዲዮ ናት፤ የባትሪዋ ክዳን ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረች፣ ጣቢያ አልይዝ ስትል በጥፊ የምትመታ። ታናሽ ወንድሟ፣ ሠላሳን አልፎም ማሙሽ የሚባለው የሴራሚክ አንጣፊ፣ አባቱን ደስ ላሰኝ ብሎ አዲስ ሬዲዮ ገዛ። አሮጌዋን ደግሞ በደጅ ለሚያልፍ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሰጣት። አባት ከቀን እንቅልፉ ሲነሳ ሬዲዮዋ የለችም። ጩኸቱን ሕንፃው በሙሉ ሰማው። «የቀረችኝን አንዲት ነገር!» እያለ፣ ልጁን በካልቾ ሊመታ እየሞከረ፣ ሰብሳቢውን ለማሳደድ በነጠላ ጫማ ከአራተኛ ፎቅ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ጋ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሳም። አዲሱ ሬዲዮ ከነካርቶኑ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ማንም አይነካውም፤ አቧራውን እንኳ የሚጠርገው የለም።

ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አልጋውን አገኘችው። እናት ማንንም ሳትጠብቅ ፈታታዋለች፤ የራስጌው ሳንቃ ግድግዳ ተደግፎ፣ ብሎኖቹ በሻይ ብርጭቆ ተሰብስበው፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ማሙሽ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እዚህ ቤት አላደረም። የሚሠራበት ሱቅ ጀርባ፣ በሴራሚክ ካርቶኖች መሃል ነው የሚተኛው። አንዳንድ ቀን ከታች መንገድ ላይ ሆኖ ይደውላል፤ ምላጭ ትወርዳለች፤ ቆመው ያወራሉ። «እማ ደህና ናት?» ይላታል። «ደህና ናት» ትለዋለች። ከዚያ እሱ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ እሷም ደረጃውን ትወጣለች። አልጋው እቤት እስካለ ድረስ ግን ምላጭ ተስፋ አልቆረጠችም ነበር፤ አልጋ ያለው ሰው አንድ ቀን ይመለሳል ብላ ታስብ ነበር። እናቷን ታውቃታለች። ዛሬ አልጋው ከወጣና ያ ክፍል ከተቆለፈ፣ ማሙሽ አባቱን የገደለ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን።

«ነይ ብዪ፣ በባዶ ሆድ የትም አይኬድም» አለች እናት ከወጥ ቤት። «የእንቁላል ዋጋ እሳት ሆኗል» ብላ ታማርራለች፣ ግን ሁልጊዜም ሁለት ሁለት ነው የምትሰብረው፤ ቅቤው ድስቱ ጠርዝ ላይ አረፋ እስኪያወጣ ትጠብቅና ትዘረግፈዋለች። ይህ የአባት ቁርስ ነው። ሊነጋጋ ሲል ለሥራ በሚወጣበት ዘመን፣ እናት ከሱ በፊት ተነስታ እንቁላሉን፣ ከትናንት የተረፈ ሥጋ ካለም ከነስቡ አሙቃ ፊቱ ታስቀምጥ ነበር። መሪ የሚይዝ ሰው፣ ያንን ሁሉ ነፍስ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው፣ ሆዱ ካልጠና እንዴት ይሆናል ትላለች። ቤት ውስጥ ሥጋ ሲሠራ ጮማው የአባት ነው፤ ልጆቹ ቢመኙትም አይነኩትም። አሁንም ቢሆን እናት የምትሠራው ለአራት ሰው ነው። ሁለት ሰው ይበላል፣ ሌላው ይተርፋል፣ ይደፋል፤ በማግስቱም እንደዚያው።

«እማ፣ ዛሬ ሲመጣ አናግሪው።»

«ማንን?»

«ማንን ልል ነው፣ ማሙሽን ነዋ።»

«አልጋው ተፈቷል፤ ብሎኖቹም በብርጭቆ ናቸው። ምን የጎደለ ነገር አለና ነው የማናግረው?» አለች እናት፤ ሳህኑን ወደ ምላጭ ገፋ አደረገችው። «ይልቅ ይቀዘቅዝብሻል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ምላጭ እንደ ወትሮዋ ከሾፌሩ ጀርባ ቆመች። ሌሊት ሲያብሰለስላት ያደረውን ነገር አውጥታ አየችው። አባቷ የሞተው ደረጃ ላይ ስለነበር ፖሊስ መጥቶ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ሄዷል፤ እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል። እሷ ለቅሶ ላይ ሳለች ባልደረቦቿ ናቸው ከልቡ ደም ሥር ቆርጠው ያዘጋጁት። የመጣው ውጤት አጭር ነበር፤ «ድንገተኛ የልብ ሕመም» ይላል። ቤተሰቡም ያንን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፦ ልብ በድንገት የሚታመመው ሲበሳጭ ነዋ! ምላጭ ሥራ ከተመለሰች በኋላ የአባቷ ናሙና ምድር ቤት ተቀምጦ እንደሚገኝ ታውቃለች። በየቀኑ በዚያ በር ታልፋለች። አንድም ቀን ግን አውጡልኝ ብላ አታውቅም። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የማያውቀውን ሰው ጉበትና ሳንባ ቀኑን ሙሉ ሲከትፍ ለሚውል ሰው የገዛ አባት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ግን የማሙሽ አልጋ ከቤት ሳይወጣ መድረስ አለባት።

የምትሠራበት ክፍል መስኮቱ ወደ ግንብ የሚያይ፣ ሰምና ኬሚካል የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ከየቀዶ ጥገናው የመጡት ቁርጥራጮች በትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ሆነው አልኮል ውስጥ ይነከራሉ፤ ውኃቸው ይወጣል። ከዚያ ዛይሊን የሚሉት፣ ራስ የሚያዞር ፈሳሽ ውስጥ ይገባሉ፤ ቅባታቸው ይሟሟል። በመጨረሻ የቀለጠ ሰም ይጠጣሉ። ሰሙ ሲደርቅ ሥጋው ይጠነክርና ምላጩ እንደ ወረቀት፣ ከወረቀትም በሳሳ መልኩ ይቆርጠዋል። ያንን ስስ ነገር ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፍፎ በመስታወት መጥለፍ የረጋ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ትንፋሽ እንኳ ያበላሸዋል። ምላጭ በዚህ ሥራ እጇ የተመሰገነ ነው። ዛሬ ግን የአንዲት ሴት ጡት ቁርጥራጭ ውኃው ላይ ተጨማደደባት፤ ደግማ ቆረጠች፤ እንደገና ተጨማደደ። ጓንቷን አውልቃ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ናሙና የሚያስቀምጠውን ሽማግሌ ሠራተኞቹ ሙዚየም ይሉታል። የመስታወት ሳጥን ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ ቀልድ መወርወር ይወዳል፤ «ለሞተ ሰው ደግሞ ምን ቀጠሮ ያዛችሁ?» ይላል፣ «እኔ ጋ የመጣ ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም» ይላል።

«የማንን ነው የምትፈልጊው?» አላት።

«የአባቴን።»

ሙዚየም ቀልዱን ዋጠው። መደርደሪያዎቹ መሃል ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ መስታወቶቹን እያንዳንዳቸውን በጋዋኑ ጫፍ ወለወላቸውና በሁለት እጁ ሰጣት። ምላጭ አመሰግናለሁ ማለቱን እንኳ ረሳች።

ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የምትመረምረው ዶክተር ምሳ ልትወጣ ስትል ነው ምላጭ በሩ ላይ የያዘቻት። ዶክተሯ በሥራ ላይ ቃል የማታባክን ሴት ናት፤ ሰው ግን ትረዳለች። ቦርሳዋን መልሳ ሰቀለችና ሁለት ሰው አንድ ላይ በሚያይበት ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀመጠች። ምላጭ በሌላው በኩል ዓይኗን ደቀነች። መጀመሪያ ያየችው የለመደችውን ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ነው። ክብ የነበረው የደም ሥር ቀዳዳ ጠብቦ ጨረቃ መስሏል። ዶክተሯ መስታወቱን ወደ ግድግዳው ገፋችው። እዚያ፣ ሮዙ ውስጥ፣ ሰንጣቃ ነጫጭ ነገሮች ብቅ አሉ፤ ቀጫጭን፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ የተሰበረ መስታወት ሥጋ ውስጥ የተበተነ ይመስላል። ምላጭ ይህን ከዚህ በፊት በሌሎች ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ነጩ ነገር ነገር አይደለም፤ ባዶ ቦታ ነው። እዚያ የነበረውን ክሪስታል አልኮሉና ዛይሊኑ አጥበው ወስደውታል፤ በየሳምንቱ እሷ ራሷ የምትቀይራቸው ፈሳሾች። የቀረው የተቀመጠበት ቅርፅ ነው። አባቷን የገደለውን ነገር ራሱን ልታየው አትችልም፤ ትቶት የሄደውን ቦታ ብቻ ነው የምታየው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሁሉም ነገር ደበዘዘባት፤ ማተኮሪያውን የምታስተካክል መስላ ማዞር ጀመረች።

«ኮሌስትሮል ነው» አለች ዶክተሯ ዓይኗን ሳታነሳ። «ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ፈሳሽ ሆኖ ከግድግዳው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል፤ ሰውነት የቻለውን ያነሳል፣ ያልቻለውን ይተዋል። ከልኩ ሲያልፍ መሟሟት ያቅተውና ይረጋል። ሲረጋ ታዲያ እንደ ሾርባ ስብ ልስልስ ብሎ አይደለም። ስስ ዝርግ ይሆናል፣ ጠርዙ ስለታም። አንዱ ከተፈጠረ ሌላው እሱን ተደግፎ ያድጋል። ፈሳሽ ሆኖ ከያዘው የሰፋ ቦታም ይፈልጋል። ሲጠበው ከላይ የሸፈነውን ይወጋዋል።» መስታወቱን በጥፍሯ ትንሽ ገፋችው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ተቀዷል። ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት ረጋበት። ረጋና ዘጋው።»

«ስንት ጊዜ የፈጀ ነገር ነው?»

«ብዙ ዓመት። እንዲህ የሚከመረው ባንድ ክረምት አይደለም።»

«ንዴትስ? ተቆጥቶ ነበር እኮ። በጣም ተቆጥቶ ነበር።»

ዶክተሯ ቀና አለች። «ንዴቱ ምንም አላደረገም ብዬ አልዋሽሽም። ንዴት ግፊት ይጨምራል፤ የመጨረሻዋን ግፊያ ሰጥቶ ይሆናል። ይሄ ነገር ባይኖር ግን ተቆጥተው፣ ተሳድበው፣ ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ይሄ እያለ ደግሞ ደረጃ ሲወጡም፣ ተኝተውም ሊሄዱ ይችሉ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «አባትሽ ዓይናቸው ቆብ ላይ፣ በአፍንጫቸው በኩል፣ ቢጫ እብጠት ነገር ነበራቸው?»

ነበረው። ሁለት ጠፍጣፋ ቢጫ ነገር፣ በግራም በቀኝም። ልጆች ሳሉ «የአባባ ቅቤ» ይሉት ነበር፤ እየነኩ ይሳሳቁበት፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ያስነካቸው ነበር። ምላጭ ይህን ስታስታውስ ሌላ ነገር አብሮ መጣባት። ባለፈው፣ መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ፣ የማሙሽ ግራ ዓይን ቆብ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር አይታ «ፊትህን ታጠብ እንጂ፣ ሲሚንቶ ተጣብቆብሃል» ብላው ነበር። እሱም በአውራ ጣቱ ፈተገው። አልለቀቀም።

«ወንድሜም አለው» አለች።

«እንግዲያው ከዘር ሊሆን ይችላል። የሚበሉት ብቻ አይደለም፤ ጉበት ራሱ አብዝቶ የሚሠራባቸው ቤተሰቦች አሉ። ነገ በባዶ ሆዱ ላኪልኝ፣ ደሙ ይታይ። አንቺም ተመርመሪ። መድኃኒት አለው፤ ለወንድምሽ አልረፈደም።»

«ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች ዶክተሯ፤ እውነቷን ነው። ምላጭ ስልኳን በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደቅና ፎቶ አነሳች። ከሰዓት በኋላ የሠራችው ሁሉ አልተጨማደደባትም። በውስጧ አንድ ነገር ተደላድሎ ነበር። እናቷ ያየችውን ብቻ የምታምን ሰው ናት፤ ሥጋ ስትገዛ እንኳ ገልብጣ አይታ ነው። ይኸው ታያለች፤ ማሙሽ ገና ዳዴ ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ እየበቀለ የነበረ ነገር መሆኑን ታያለች። ከዚያ በኋላ በስልክ ምን ብላ እንደምታወራ እንተያያለን፣ አለች በልቧ። በዚህ ሐሳብ ደስ ብሏት እንደነበር ኋላ ሲታወሳት አፈረች።

እቤት ስትደርስ እናት ባዶውን ክፍል እየጠረገች ነበር። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ወለሉ ከሌላው ጎን የጠቆረ ነው፤ እናት ያንን አራት ማዕዘን በእርጥብ ጨርቅ ፈተገችው፣ አልለቅ አላት። ምላጭ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ምንድነው?»

«የአባባ ነው። የልቡ ደም ሥር።»

እናት መጥረጊያውን አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ የስልኩንም ፊት በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። የአባትን መነጽር ከመስኮቱ ደፍ አንስታ አደረገች፤ ከሞተ ወዲህ በሱ መነጽር ነው የምታየው፣ ይሁናት አይሁናት ማንም አልጠየቃትም። ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች። ምላጭ እናቷን እንዲህ ለስላሳ ሆና ካየቻት ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

«ይሄ ነጩ ምንድነው፣ የተሰነጣጠቀው?»

«ባዶ ነው አሁን፣ እኛ ስናጥበው ወጥቶ። ቅባት ነበረ። ረግቶ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ሆኖ ደም ሥሩን ቀዶታል። ዶክተሯ ብዙ ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ነው አለች። እማ፣ ማሙሽ አይደለም። ሬዲዮዋም አይደለችም። አባባ ውስጥ የኖረ ነገር ነው።»

እናት ስልኩን አልመለሰችም። ምላጭ ደስታ ወይም ቁጣ ወይም ለቅሶ ጠብቃ ነበር። እናት ግን የወለሉን ጥቁር አራት ማዕዘን እያየች ቆመች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። አንድ ነገር እየቆጠረች ይመስላል፤ ጠዋቶችን፣ ሳህኖችን።

«ቅባት» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ ግን…»

«ታዲያ ማን አበላው?»

ምላጭ ያኔ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። የመጣችው ከአንዱ ትከሻ ልታወርድ ነበር፤ የምታወርድበትን ሌላ ትከሻ አላሰበችበትም። ቸኩላ ማስረዳት ጀመረች፤ ከዘር የሚወረስ ነው፣ ከሚበላው ይልቅ ጉበቱ ራሱ ነው አብዝቶ የሚሠራው፣ ሰላጣ ብቻ ቢበላም ሊመጣ ይችል ነበር አለች። ይህን ሁሉ ስትል ምላሷ ስለት አልነበረውም።

«ጉበቱ ድስት ይጥዳል እንዴ?» አለች እናት። «ጮማውን ማን ነው የሚመርጥለት? ለልጆቼ ከልክዬ፣ ለራሴ ከልክዬ። አንድ ቀን በቃኝ ሲለኝ ተቆጥቼው አውቃለሁ። በቃኝ አለኝ እኮ፣ እኔ ነኝ ጨርስ ያልኩት።» ፍራሽ ላይ ልትቀመጥ ፈለገች፤ ፍራሽ የለም። ወለሉ ላይ፣ ጥቁሩ አራት ማዕዘን ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። በእጄ።»

ማሙሽ የደረሰው ያኔ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ሳያንኳኳ ገባ፤ ደረጃውን ከወጣ መንፈቅ አልፎት ነበርና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጸጉሩ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ። እናቱን መሬት ላይ ሲያያት ቦርሳውን ጣለው። ምላጭ በጥቂት ቃል ነገረችው፤ ስልኩንም አሳየችው። ዓይኑ ፎቶው ላይ አልቆየም። እናት መሬቱን እየመታች «በእጄ፣ በእጄ» ትላለች።

«ይሄን ነገር ለምን አመጣሽባት?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተን ነጻ ላወጣህ ነዋ!»

ማሙሽ እናቱ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከና ሁለቱንም እጆቿን ያዘ፤ እንዳትመታ።

«እማ፣ ስሚኝ። ሬዲዮዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቀው ነው የሰጠሁት። ሲጮህብኝም መለስኩለት፤ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። በዚያች ሰዓት ድስት አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። አንቺ ምን አደረግሽ? አበላሽው። የሰው ሚስት ሌላ ምን ታደርጋለች?»

እናት ቀና ብላ አየችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱን ማየቷ ነው። ምላጭ የእናቷ ትከሻ ሲወርድ አየች፤ አንድ ከባድ ነገር በሩ ላይ አስቀምጣ የገባች ሰው ትመስል ነበር።

«አንተ ነህ» አለች እናት። ድምፅዋ የጠዋቱ አልነበረም፤ ልመና ነበረበት።

«እኔ ነኝ» አለ ማሙሽ።

ምላጭ መጮህ ፈለገች። ሁለቱም ውሸታሞች ናችሁ፣ ሥጋው ውስጥ ያለው ይኸው ብላ ስልኩን በሁለቱም ፊት ማወዛወዝ ፈለገች። ግን ለማን ብላ? እናቷ የተሰጣትን ይዛ ተነስታለች፤ እጇን ታጥባ ወጥ ቤት ገብታለች። ማሙሽ የራስጌውን ሳንቃ ትከሻው ላይ አድርጎ በሩን አልፏል። ምላጭ የጎን እንጨቶቹን ታቅፋ ተከተለችው።

ሁለተኛው ፎቅ ጋ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ማሙሽ ሳንቃውን አስደግፎ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። በኮሪደሩ አምፖል የግራ ዓይኑ ቆብ ላይ ያቺ ቢጫ ነገር ጎላ ብላ ታየች፤ ሲሚንቶ አይደለችም።

«ያቺን ነገር አትፈትጋት» አለችው። «የአባባ ቅቤ ናት። ትዝ ይልሃል? አንተም ውስጥ ይሄ ነገር እየበቀለ ይሆናል። ነገ ጠዋት በባዶ ሆድህ ሆስፒታል ና። ደምህ ይታይ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። እሺ ስትል አውቅሃለሁ።»

ማሙሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ምላጬ፣ አትቆጪኝ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ሰውም ለምዶልኛል። እሷ ግን ከአባባ ምን ቀራት? ያበላችው ብቻ ነው የቀራት። እሱን ልትወስጂባት ነው?»

ምላጭ የጎን እንጨቶቹን ከሳንቃው አጠገብ አስደገፈች። ለፍራሹ ተመልሳ ወጣች።

እናት ወጥ ቤት ቆማ ነበር። የትናንቱን የሥጋ ሾርባ ከፍሪጅ አውጥታለች፤ ማሰሮው ላይ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቷል። አንድ ባለ ክዳን ሳህን አጠገቧ አለ፤ ማሙሽ ሥራ ሲሄድ ምሳ ትቋጥርለት የነበረበት ሳህን ነው፣ ከአባት ሞት ወዲህ ከመደርደሪያ አልወረደም። እናት በማንኪያ ስቡን ታነሳለች፣ ወደ ቆሻሻው ትጥላለች። ነጩ ሁሉ ካለቀ በኋላም አልተወችም። ጠርዝ ጠርዙን ፋቀች፣ ብርሃኑ ላይ አዘንብላ አየች፣ የታየቻትን አንዲት ጠብታ በማንኪያው ጫፍ አሳደደች። ሾርባው ከፍሪጅ እንደወጣ ነው፤ ልታሞቀው አሰበች፣ ከዚያ ከሙቀቱ ጋር ደግሞ ምን እንደሚወጣ የፈራች ይመስል ተወችው። እንደቀዘቀዘ ሳህኑ ውስጥ ቀዳችና ክዳኑን ገጠመች።

«ስጪው» አለች፤ ወደ ምላጭ ዞራ አላየችም። «ዛሬ ይብላ። ነገ በባዶ ሆዱ ነው ስትዪው ሰምቻለሁ፤ ድምፅሽ እስከዚህ ይሰማል። ደግሞ የላከችው እሷ ናት እንዳትዪው።»

ምላጭ ፍራሹን በአንድ እጇ እየጎተተች፣ ሳህኑን በሌላው ይዛ ወረደች። ሦስተኛው ፎቅ ሳትደርስ ስልክ ሲጠራ ሰማች። አክስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ውላ መሆን አለበት። የእናት ድምፅ በክፍቱ በር በኩል ወደ ታች ወረደ፤ ከጠዋቱ ጮክ ያለ፣ ሕንፃው በሙሉ እንዲሰማው የፈለገች ይመስል። «አዎ፣ መጥቶ ወሰደ! ክፍሉንም ቆለፍኩት! ምን ልበልሽ እህቴ፣ አባቱን በሬዲዮ ገደለው እንጂ!»

ማሙሽ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳንቃውን ተደግፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰማ ነበር። ምላጭ ሳህኑን ሰጠችው። አወቀው፤ ክዳኑን ከፍቶ ሾርባውን ወደ አምፖሉ አዘንብሎ አየ። የሾርባው ፊት ላይ አንድም የስብ ዓይን የለም፤ የእናቱ ሾርባ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከላይ ድምፅዋ አሁንም ይሰማል። ማሙሽ ክዳኑን መልሶ ገጠመ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ተጫነው፣ ሳህኑን ቦርሳው ውስጥ አስቀመጠ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አላት።